የበሬ ቢሪያ በቤት፦ በዝግታ በስሎ ክር በክር የሚተረተር የሜክሲኮ ቀይ ሥጋ

የሜክሲኮ ምግብ ሲነሳ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያስበው ማቃጠሉን ነው። በቤቱ ሊሞክረው ሲነሳም ያገኘውን በርበሬ ሁሉ ይጨምርበትና ምላስ የሚያንገበግብ፣ ሌላ ጣዕም ግን የሌለው ድስት ይወጣለታል። ቢሪያ እንዲህ አይሠራም። ድስቱ ውስጥ የሚገባው በርበሬ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንደኛው በብዛት ይገባል፤ ቀለሙን፣ ውፍረቱንና ጣዕሙን የሚሰጠው እሱ ነው። ሌላው ተቆጥሮ ይገባል፤ ሥራው ማቃጠል ብቻ ነው። ሁለቱን ለይታችሁ ከያዛችሁ ለሕፃን የሚስማማ ቢሪያም፣ ግንባር የሚያልብ ቢሪያም ከአንድ አሠራር ማውጣት ትችላላችሁ።

ምግቡ የሜክሲኮዋ የሃሊስኮ ክፍለ ግዛት ነው፤ በጥንቱ አሠራር ሥጋው የፍየል ነው። በበሬ ሥጋ የሚሠራው የገነነው ከአሜሪካ ድንበር አጠገብ ባለችው በቲዋና ከተማ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሎስ አንጀለስ ታኮ (ሥጋ ተደርጎበት የሚታጠፍ ቂጣ) በሚሸጡ መኪናዎች በኩል መላውን አሜሪካ አዳርሷል። እዚህ የማሳያችሁ ይህንን የበሬውን ነው። ለ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ሥራው በእጅ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ የቀረውን እሳቱ ይጨርሰዋል።

የሚያስፈልገው

ለሥጋው፦
- 1.5 ኪሎ አጥንት የሌለው፣ ጅማትና ስብ ያለው የበሬ ሥጋ
- ከ500 እስከ 700 ግራም ቅልጥም ከነሥጋው
- 25 ግራም ያህል ጨው (አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ገደማ)
- 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
- ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር ውሃ

ለድልሁ (ሜክሲኮዎች አዶቦ ይሉታል)፦
- 8 ጉዋሂዮ በርበሬ
- 3 አንቾ በርበሬ
- ከ2 እስከ 4 ቺሌ ዴ አርቦል፣ እንደ አቅማችሁ
- 3 መካከለኛ ቲማቲም
- 1 ትልቅ ራስ ሽንኩርት
- 6 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት
- አውራ ጣት የማታክል ዝንጅብል
- 4 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ
- 1 የሻይ ማንኪያ ኩሚን፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ 4 ፍሬ ቅርንፉድ
- 2 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ኦሬጋኖ
- አንድ አጭር እንጨት ቀረፋና 3 ቤይ ሊፍ (እነዚህ ሁለቱ አይፈጩም)

ለማቅረቢያ፦ የበቆሎ ቶርቲያ (የሜክሲኮ ስስ ቂጣ)፣ በደቃቁ የተከተፈ ራስ ሽንኩርት፣ ሲላንትሮ (የድንብላል ቅጠል)፣ ሎሚ።

ስለ በርበሬዎቹ

ጉዋሂዮ ረዘም ያለ፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ጥቁር ቀይ ነው። ብዙም አያቃጥልም፤ ቀለሙ ግን ድስቱን ሙሉ ይይዘዋል። አንቾ ሰፋ ያለ፣ የተጨማደደ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው፤ ፖብላኖ የሚባለው ቃሪያ ቀልቶ ሲደርቅ አንቾ ይሆናል። ዘቢብ ዘቢብ የሚል ጣፋጭነት አለው። ሦስተኛው ቺሌ ዴ አርቦል ቀጭን፣ ትንሽ፣ ክፉ ነው። በማቃጠል መለኪያው በስኮቪል ጉዋሂዮ ከ2,500 እስከ 5,000 ሲመዘን አርቦል ከ15,000 እስከ 30,000 ይደርሳል። ሁለት ፍሬ ሲጨመር ድስቱ ለምን እንደሚለወጥ ከዚህ ይገባችኋል።

አሜሪካ የምትኖሩ በማንኛውም የላቲኖ ግሮሰሪ በከረጢት ታገኟቸዋላችሁ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ አንዳንድ መደብሮች አንቾውን በሌላ በርበሬ ስም "ፓሲያ" ብለው ይሸጡታል። ስሙን ትታችሁ ቅርጹን እዩ፤ ሰፊና የተጨማደደ ከሆነ አንቾ ነው፣ ረጅምና ቀጭን ከሆነ እውነተኛው ፓሲያ። ስትገዙ ከረጢቱን ጨመቅ አድርጉት። ጥሩ በርበሬ እንደ ቆዳ ይታጠፋል፤ የሚሰባበር ከሆነ ያረጀ ነው፣ መዓዛው አልቋል።

አዲስ አበባ ወይም እነዚህ በማይገኙበት አገር ያላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የበርበሬ የትውልድ ቤቱ ሜክሲኮ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት ከአሜሪካ አህጉር ውጪ ማንም አያውቀውም ነበር። እኛ ለወጥ የምንፈጨው ዛላና ጉዋሂዮ የአንድ ዝርያ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ያልተቀመመ፣ ያልተፈጨ ደረቅ ዛላ በርበሬ፣ ለምሳሌ የማረቆ ወይም የሃላባ፣ ግዙና ፍሬውንና ነጩን ሥሩን በሙሉ አውጡለት፤ የሚያቃጥለው በዋናነት ያ ነጩ ነው። ከጉዋሂዮ የበለጠ ስለሚያቃጥል ከ6 ዛላ ጀምሩ። ለአንቾው ምትክ አንድ እፍኝ ዘቢብ ከበርበሬው ጋር ዘፍዝፉ። ለአርቦሉ ምትክ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ የሚጥሚጣ በርበሬ ይበቃል።

የማልስማማበት አንድ አቋራጭ አለ፤ እሱም ጓዳ ያለውን የተቀመመ በርበሬ መጨመር ነው። በርበሬያችን ውስጥ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ጥቁር አዝሙዱ ሁሉ አለ። የሚወጣው ጥሩ ወጥ ሊሆን ይችላል፤ ቢሪያ ግን አይሆንም። እንዲሁም ኩሚን ካጣችሁ በነጭ አዝሙድ አትተኩት። ነጭ አዝሙድ ሌላ ቅመም ነው፤ ጣዕሙም ወደ ጦስኝ ያደላል። ኩሚን ከሌለ ያለ ኩሚን ይሠራ።

ሥጋው

ለጥብስ የምትመርጡትን ለስላሳ ሥጋ ለዚህ አታባክኑት። ሽንጥ ለረጅም ሰዓት ቢበስል እየደረቀ ይሄዳል እንጂ አይለሰልስም። የሚፈለገው ብዙ የሠራ፣ ጅማት የበዛበት ክፍል ነው፦ ወርች፣ ፍርምባ፣ ቅልጥም። አሜሪካ ከሆናችሁ ቸክ ሮስት የሚባለውን ዋናው አድርጉ፤ ቤፍ ሻንክ ከአጥንቱ ጋር ጨምሩበት። ምክንያቱ ኮላጅን ነው። ጥሬውን ሥጋ የሚያጠነክረው ይህ ጅማት በዝግተኛ ሙቀት ለሰዓታት ሲቆይ ወደ ጄላቲን ይቀልጣል፤ ክሮቹ ከክሮቹ የሚላቀቁት፣ መረቁም ከንፈር ላይ የሚጣበቀው ያኔ ነው።

ሥጋውን ጡጫ በሚያህል መጠን ቁረጡት። በጣም ካሳነሳችሁት ክሩ አጥሮ ይቀራል፤ ሲተረተር ረጅም ሆኖ መውጣት አለበት። ጨውን ቢቻል ከዋዜማው ማታ አሹበትና ፍሪጅ ውስጥ ይደር።

በርበሬውን ማዘጋጀት

ቢሪያ የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ።

ጓንት ካለ አድርጉ። በርበሬዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጭራቸውን ቆርጣችሁ ፍሬውን አራግፉ። ደረቅ መጥበሻ በመካከለኛ እሳት ላይ ጣዱና በርበሬውን ጥቂት ጥቂቱን አምሱት። በአንድ ጎኑ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ ገልብጣችሁም እንደዚያው። ጫን ጫን እያላችሁ። መዓዛው ሲነሳና ቆዳው ቀለሙን ትንሽ ሲቀይር ያን ጊዜ አውጡት። አርቦሉ ትንሽ ስለሆነ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። ቤቱ በሳል ከተሞላ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። የጠቆረ፣ ያረረ በርበሬ ካለ ያለ ርኅራኄ ጣሉት፤ አንድ ያረረ ጉዋሂዮ መላውን ድስት ያመርራል፣ በኋላም ስኳር ቢጨመር አይድንም።

የታመሰውን በርበሬ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ የፈላ ውሃ ድፉበት፤ ከላይ በሳህን ተጭናችሁ ለ20 ወይም ለ25 ደቂቃ ተዉት። እሳት ላይ አትቀቅሉት። በርበሬው እስኪለሰልስ ድረስ በዚያው መጥበሻ ላይ ቲማቲሙን፣ ለአራት የተሰነጠቀውን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ጥበሱ። እዚህ ላይ ማሳረር አያስፈራም፤ የቲማቲሙ ቆዳ ቦታ ቦታው ላይ ጠቆር ቢል ይጣፍጣል። ነጭ ሽንኩርቱን በኋላ ላጡት። ኩሚኑን፣ ቁንዶ በርበሬውንና ቅርንፉዱንም ለግማሽ ደቂቃ አሙቋቸው።

የዘፈዘፋችሁበትን ውሃ ቅመሱት። ከጣፈጠ ለመፍጫ ተጠቀሙበት፤ ከመረረ ድፉትና ንጹህ ውሃ ውሰዱ። ከቀረፋውና ከቤይ ሊፉ በስተቀር የድልሁን ነገር ሁሉ ብሌንደር ውስጥ ጨምሩ፤ ሁለት ኩባያ ያህል ውሃ አድርጉበትና ሁለት ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይፈጭ። ሙቅ ነገር በብሌንደር ሲፈጭ ክዳኑን ሊገነጥል ስለሚችል ትንሽ አቀዝቅዙት።

ከዚያ በወንፊት አጥልሉት። የጉዋሂዮ ቆዳ ጠንካራ ነው፤ የቱንም ያህል ቢፈጭ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ቁራጭ ይተዋል። በማንኪያ ጀርባ እየገፋችሁ ፈሳሹን በሙሉ አውጡና ገለባውን ጣሉ። ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል፤ ሲበላ ያስታውቃል።

ድስቱ

ወፍራም ድስት በዘይት አሙቁና ከሥጋው ግማሹን ብቻ በሁለት በሦስት ዙር ቡናማ እስኪሆን ጥበሱ። ሁሉንም መጥበስ አያስፈልግም። ጥንታዊው አሠራር ሥጋውን ጨርሶ አይጠብስም፤ በድልህ ለውሶ፣ የድስቱን አፍ በሊጥ አሽጎ በእንፋሎት ነው የሚያበስለው። እኔ ግማሹን የምጠብሰው ድስቱ ሥር የሚቀረው ቡናማ ነገር ለመረቁ ስለሚጠቅም ነው።

ሥጋውን አውጥታችሁ ያጠለላችሁትን ድልህ በዚያው ዘይት ላይ ድፉት። ይረጫል፤ ክዳን በእጃችሁ ያዙ። እሳቱን ቀንሳችሁ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ አቁላሉት። የወጥ ቁሌት የምታውቅ እጅ እዚህ ላይ አስተማሪ አያስፈልጋትም፦ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ዘይቱ ዳር ዳር ይወጣል። ጥሬው የበርበሬ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ አትውጡ።

አሁን ሥጋውን በሙሉ፣ ቅልጥሙን፣ ቀረፋውንና ቤይ ሊፉን ጨምሩ። ውሃው ሥጋውን ለጥቂት እስኪሸፍን ይግባ። አንዴ ሲፈላ አረፋውን ግፈፉና እሳቱን ወደ ዝቅተኛው አውርዱት። ላዩ ላይ አልፎ አልፎ አንዳንድ አረፋ ብቅ ሲል በቂ ነው። የሚንተከተክ ከሆነ በዝቷል፤ ኃይለኛ ፍላት ሥጋውን ያደርቀዋል፣ ስቡንም ከመረቁ ጋር መትቶ ያደፈርሰዋል።

ጊዜውን እንደ መሣሪያችሁ ቁጠሩ። በምድጃ ላይ ከ3 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት። በኦቨን በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ እንደዚያው። በስሎው ኩከር በዝቅተኛው ከ8 እስከ 9 ሰዓት፤ ለዚህ ውሃውን ወደ ሦስት ኩባያ ቀንሱት ምክንያቱም አይተንም፣ ከፍሪዘር የወጣ በረዶ ሥጋም በቀጥታ አትጨምሩበት። በፕሬሸር ኩከር ከ60 እስከ 75 ደቂቃ፣ ከዚያ እንፋሎቱ ራሱ እስኪወጣ ተዉት። ጣዕሙ ከዝግተኛው ትንሽ ያንሳል፤ ለሥራ ቀን ግን አልነቅፈውም።

አዲስ አበባ ያላችሁ ሰዓት ጨምሩ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጅማቱም በዚያው ልክ ዘግይቶ ይቀልጣል። ሜክሲኮ ሲቲም በ2,240 ሜትር ላይ ናት፤ ፕሬሸር ኩከር እዚያ የብዙ ቤት ዕቃ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። የኛ ሥጋ ደግሞ ትኩስ የታረደና ስቡ ያነሰ ስለሚሆን በምድጃ አምስት ሰዓት ቢወስድ አትደነቁ።

መድረሱን የሚነግራችሁ ሹካ እንጂ ሰዓት አይደለም። ሹካውን ትልቁ ሥጋ ውስጥ ሰክታችሁ ጠምዝዙት፤ ያለ ትግል ከተላቀቀ ደርሷል። ከጠነከረ "በጣም በሰለና ደረቀ" ብላችሁ እሳቱን አታጥፉ። ገና ነው ያልበሰለው። ሌላ ግማሽ ሰዓት ስጡትና እንደገና ሞክሩ።

መተርተር

ሥጋው መረቁ ውስጥ እንዳለ ለ20 ደቂቃ ይረፍ፤ ትኩሱን ወዲያው ካወጣችሁት እርጥበቱ በእንፋሎት ይሄዳል። ከዚያ ወደ ሰፊ ትሪ አውጡትና በሁለት ሹካ ክሩን ተከትላችሁ ተርትሩ። መተርተሩን አታብዙ፤ እንደ ጥጥ ከደቀቀ አፍ ውስጥ የሚላመጥ ነገር አይቀርም። የጣት ውፍረት ያላቸው ቁርጥራጮችም ጣልቃ ጣልቃ ይኑሩ። ያልቀለጠ ጅማት ካገኛችሁ አውጡ፤ ከቅልጥሙ መቅኑን አራግፋችሁ ሥጋው ላይ ቀላቅሉት። ከመረቁ ሁለት ጭልፋ አፍስሱበት፤ የተተረተረ ሥጋ ሳይጠጣ ከተቀመጠ በአሥር ደቂቃ ይደርቃል።

መረቁ ላይ የተንሳፈፈውን ቀይ ስብ በጭልፋ ግፈፉና በትንሽ ሳህን አስቀምጡ። እንዳትጥሉት። ቀረፋውንና ቤይ ሊፉን አውጡ፣ መረቁን ቅመሱ፣ ጨውን አስተካክሉ። ሳስቶ ከሆነ ክዳን ከፍታችሁ ለ15 ደቂቃ አፍሉት። ከከበደ ሎሚ ጨምቁበት። ካቃጠለ ውሃና አንድ የተፈጨ የተጠበሰ ቲማቲም ጨምራችሁ ትንሽ አብስሉት። ካላቃጠለ ደግሞ ድስቱን ተዉትና ለሚፈልገው ሰው ብቻ ሳልሳ (ማጥቀሻ) አዘጋጁ፦ አሥር አርቦል በጥቂት ዘይት ለሰከንዶች ጠብሳችሁ ከአንድ ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ ከአቼቶ፣ ከጨውና ከጥቂት ውሃ ጋር ፍጩት። ልጆችና አዋቂ በሚበሉበት ቤት እኔ ሁልጊዜ አርቦሉን ድስቱ ውስጥ ሳልጨምር በዚህ መንገድ ነው የማቀርበው።

አቀራረብ

የተለመደው በታኮ ነው። የበቆሎውን ቶርቲያ በአንድ ጎኑ ቀዩ ስብ ውስጥ ነከር አድርጋችሁ ትኩስ መጥበሻ ላይ ጣሉት፤ ግማሹ ላይ ሥጋ አድርጉ፣ እጠፉት፣ ሁለቱም ጎን እስኪንኮሻኮሽ ጥበሱት። የሚቀልጥ ቺዝ ከተጨመረበት ኬሳቢሪያ ይባላል፤ ሞዛሬላ ይበቃዋል። ሥጋና ወተት ለማይቀላቅል፣ ለምሳሌ እስራኤል ላሉ ኮሸር ጠባቂ ቤቶች፣ ያለ ቺዝም የጎደለ ነገር የለውም። መረቁ በኩባያ ለብቻው ይቀርባል፤ ላዩ ላይ ሽንኩርት፣ ሲላንትሮና ሎሚ። ታኮው እየተነከረ ይበላል፣ የቀረው ይጠጣል።

ቶርቲያ ስትገዙ የስንዴውን ጀርባ አንብቡ። አንዳንዶቹ የአሳማ ስብ አለባቸው፤ በቆርቆሮ የሚሸጠው የተፈጨ ቦሎቄም እንዲሁ። የበቆሎው አብዛኛውን ጊዜ በቆሎ፣ ውሃና ኖራ ብቻ ነው። ቤት ልትጋግሩ ከፈለጋችሁ ማሳ የሚባለውን ዱቄት ፈልጉ፤ በኖራ ውሃ ከተቀቀለ በቆሎ የተፈጨ ነው። ተራ የበቆሎ ዱቄት ሊጡ አይያያዝም፣ ይፈረካከሳል።

በእንጀራስ? ሥጋው ከመረቁ ተጠልሎ ከቀረበ ይሄዳል፤ አቼቶውን ግን በግማሽ ቀንሱ፣ እንጀራው የራሱ ኮምጣጣነት አለው። መረቁን እንጀራ ላይ ማፍሰስ አልመክርም፤ ቀጭን ስለሆነ ያሟሟዋል። ዳቦ ከእንጀራ ይሻለዋል።

የተረፈውን ሥጋ ከመረቁ ጋር አድርጋችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት። ሦስት አራት ቀን ይቆያል፤ በማግሥቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጣል፣ ስቡም ላዩ ላይ ስለሚረጋ መግፈፉ ይቀላል። በፍሪዘር ሁለት ሦስት ወር ይይዛል። ስታሞቁት ከመረቁ ጋር እስኪፈላ አሙቁት፤ ያለ መረቅ በማይክሮዌቭ ካሞቃችሁት ክሩ ገመድ ይሆናል። ጠዋት ላይ ጥቂት ሥጋ በቀዩ ስብ ጠብሳችሁ ሁለት እንቁላል ስበሩበት።